የትራነሆልም የብር ዋንጫ

ሠላሳ አዳኞች ከየወንበራቸው ጀርባ ቆመው ይጠብቃሉ። በትራነሆልም የአደን ግብዣ ላይ የብሩ ዋንጫ ገበታው ዘንድ ሳይደርስ ማንም አይቀመጥም፤ ደንቡ ከወጣ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ከአዳራሹ ጥግ፣ ከቁምሳጥኑ ፊት፣ የሰባ ሁለት ዓመቱ የግቢ ጠባቂ ቶርኪል ቁልፉን አዞሩና እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። እጃቸው የመደርደሪያውን ከፈይ ጨርቅ ብቻ ዳበሰ። ወደ ግራ ሄደ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ከዚያ ቀና አሉ።

«እመቤቴ፣ ዋንጫው የለም።»

አንዱ አዳኝ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከገበታው ራስ የቆሙት የሰማንያ አንድ ዓመቷ ባሮነስ ኦቲሊያ ራውንስኮልድ ወለሉን በከዘራቸው አንድ ጊዜ መቱት።

«እንግዲያው ቆመን እንበላለና!»

ሠላሳውም ሰው የአጋዘን ጥብሱን ቆሞ በላ። ፖሊስ የተጠራው ጣፋጩ ከተነሣ በኋላ ነው።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር ሲግነ ኪርከቴርፕ ከኦዴንሴ ከተማ ስትደርስ የቅዳሜው ዝናብ አላባራም ነበር። ቀዩ ግንብ በዙሪያው በተቆፈረው ውሃ መካከል፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሲግነ ከዚህ ሁለት መንደር ወዲያ ነው የተወለደችው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አባቷ ቅቤና አይብ ሊሠራ ቤተሰቡን ይዞ አርጀንቲና ገባ፤ እሷም እዚያው አደገች፣ እዚያው ተማረች። ከተመለሰች አራት ዓመቷ ነው። ቋንቋው አብሯት ተመልሷል፤ ልማዱ ግን መንገድ ላይ ከሻንጣዎቹ ጋር የቀረ ይመስላታል። ሰው ሲስቅ ዘግይታ ትስቃለች። የሰው ልብ እየመረመርኩ የገዛ አገሬን ሰው ልብ አውቀው ይሆን እያለች ራሷን ትጠይቃለች።

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?» አለች።

«ከሰዓቱ ሆድ ውስጥ» አሉ ባሮነሷ፣ ቁመተ ረጅሙን ሰዓት በከዘራቸው እያመለከቱ። «ከባለቤቴ አያት ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው።»

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ቶርኪል፣ የባለቤቴ የወንድም ልጅ ሄኒንግ። ሙታኑም ያውቃሉ፤ እነሱን ግን አልጠረጥርም።»

ዋንጫውን ባሮነሷ ራሳቸው ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ቁምሳጥኑ ውስጥ አይተውታል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ገበታ የሚያሰናዱ ሰዎች ከአዳራሹ አልወጡም። ቤቱ ባዶ የነበረው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው፤ አዳኙም፣ ዛፍ በዱላ እየመታ አውሬ የሚያስነሣውም፣ የቤቱም ሠራተኛ ጎተራው ውስጥ ትኩስ የአተር ሾርባ ሲጠጣ።

ሄኒንግ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ከረባቱ የማይላላ ሰው። «ኢንስፔክተር፣ ሂሳቡ ቀላል ነው» አለ። «አክስቴ አልወሰዱትም፣ እኔም አልወሰድኩትም። ግቢውን ከመስከረም ጀምሮ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። እስከ ሐሙስ፣ እስከ ማርቲን በዓል ዋዜማ፣ የዝይ ጥብስ እስከሚበላበት ምሽት ዋንጫው ካልተገኘ፣ ቶርኪል የሚኖሩበትን የበሩን ቤት ያስረክባሉ።»

«ሄኒንግ!»

«አስተዳደሩን ፈርመውልኛል እኮ፣ አክስቴ።»

ባሮነሷ ፊታቸውን ከእሱ አዞሩ። ሲግነን ግን እስከ ደጃፉ ሸኟት። «ቶርኪል ሲቀጠር ፀጉሬ ገና ጥቁር ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚያ ቤት ከወጣ ገናን አያይም። እኔም የማየው አይመስለኝም። ሐሙስን እንዳትረሺ፣ ልጄ።»

የበሩ ቤት አንድ ክፍል ነው። ቦት ጫማው፣ ፋኖሱ፣ የዳቦ ቢላዋው፣ ሁሉም በመስመር ተለክቶ የተቀመጠ ይመስላል። ቶርኪል ቆመው ተቀበሏት።

«ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት የት ነበሩ?»

«ደቡብ በር። ውሾቹን ይዤ።»

«ከማን ጋር?»

«ከውሾቹ ጋር አልኩሽ እኮ።»

«ሾርባውንስ አልጠጡም?»

«አተር ሆዴን ይነፋኛል። ይኸም ይጻፍ?»

ጻፈችና ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው እስክሪብቶውን ያዙ፣ ትንሽ አመነቱ፣ ከዚያ ከገጹ መሐል በጽሑፏ ላይ አጋድመው ፈረሙበት። ሲግነ ጆሮዋ ጋለ። ንቀት መሰላት።

«ካላመንሽኝ ውሾቹን ጠይቂያቸው» አሉ።

ውሾቹን ባትጠይቅም የአደን ኃላፊውን ጠየቀች። ያን ሰዓት ሙሉ ውሾቹ ጎተራው ደጃፍ ታስረው ነበር። ደቡብ በር ላይ ማንም አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ወደ ማድቤት ወረደች። ጉድሩን፣ ከዩላንድ አውራጃ መጥታ ከፋሲካ ወዲህ የተቀጠረችው ማብሰያ፣ እስከ ክርኗ ሊጥ ነክቷታል።

«ቶርኪልን ሌባ የሚል ሰው ሊጥ ውስጥ ነው የምደፍቀው» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ይልቅ ልንገርሽ? የአዳኞቹን ቦት ጫማ ምድጃ ዳር የደረደርኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዘጠኙ ጥንድ ውሃ ያንጠባጥባል። አንዱ ግን እንደ አሸዋ ደረቅ።»

«የማን?»

«የከረባታሙ።»

ሄኒንግ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ቀላ፤ በመጨረሻ የቢሮውን በር ዘጋ።

«መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ጠዋቱን ሙሉ፣ በሾርባውም ሰዓት።»

«ምን ሲያደርጉ?»

«ጋዜጣ ሳነብ።» በሩ መዘጋቱን ዞሮ አየ። «መተኮስ አልወድም። አጋዘኗ ቀና ብላ ስታየኝ እጄ አይታዘዝልኝም። በዚህ ቤት ደግሞ ይህን የሚናገር ወንድ ተወልዶ አያውቅም።»

የአደን ኃላፊው ሚስት ሳቋን እየዋጠች እውነት መሆኑን መሰከረች፤ ሁለት ጊዜ በመኪናው አጠገብ አልፋለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ባሮን ሄኒንግ አፉን ከፍቶ ጋዜጣው ሥር ተኝቶ ነበር። ሲግነ ሳትፈልግ ሰውየውን ትንሽ ወደደችው። ክሱ ግን እንዳለ ወደ ቶርኪል ተመለሰ።

ማክሰኞ ስለ ዋንጫው የሚያውቅ ሰው ጠራች። ጡረታ የወጡት መምህር ኤቤ ሊንጎር ከሦስት መንደር ወዲያ፣ በድሮው የቅቤ ፋብሪካ ውስጥ ትንሽ ሙዚየም ያስጎበኛሉ፤ የትራነሆልምንም ታሪክ ጽፈዋል። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ባርኔጣቸውን ለድመትም የሚያነሡ ሽማግሌ ናቸው።

«ትራነሆልምን ከረገጥኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ» አሉ መኪናዋ ውስጥ። «ብሩን በሙሉ እየመዘገብኩ አንድ ክረምት ከረምኩበት። ቅዳሜ ግን ጉንፋን ይዞኝ ከአልጋ አልወረድኩም።»

«ዋንጫው ከምን ነው የተሠራው?»

«ከብር» አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ከብር ነው።»

ዝናቡ ዋናውን ደረጃ ስላጥለቀለቀው በማድቤት በኩል ገቡ። መምህሩ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ የጉድሩን እጅ በሊጥ ስለተለወሰ ክርኗን ጨበጡ።

«ያለፈውን እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ» አሏት።

«አብሮ ይስጠን» አለች ጉድሩን፣ ዓይኗን ከሊጡ ሳታነሣ።

አዳራሹ ውስጥ መምህሩ የቁምሳጥኑን መዝጊያ አዩ፤ አልተሰበረም አሉ። የዋንጫውን ቁመትና ክብደት አስጻፉ። ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ ተናገሩ።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዋን ዋና ኢንስፔክተር ቦዬን ቢሮዋ በር ላይ ተደግፎ አገኘችው።

«ሽማግሌውን መቼ ነው የምታመጪው? ቁልፉ እሱ ጋ፣ ውሸቱ እሱ ጋ። ምን ቀረሽ?»

«ምክንያቱ ቀረኝ። አርባ ሰባት ዓመት የወለወሉትን ዋንጫ ዛሬ ለምን ይሰርቃሉ?»

«እሺ፣ እስከ ነገ።» ቦዬ አልሄደም። «ሌላም ነገር አለ። እሑድ ማታ እኔ ቤት በላሽ አይደል? ሰኞ ተገናኘን፣ ማክሰኞ ተገናኘን፣ ዛሬም ይኸው። ያለፈውን እግዜር ይስጥልኝ አላልሽኝም። ሚስቴ ዶሮው አልጣማትም እያለች እንቅልፍ ነሣችኝ።»

«ጣፍጦኝ ነበር!»

«እንግዲያው በያት! ሰው ቤት የቀመሰ ሰው መጀመሪያ ሲገናኝ የሚለው እሱን ነው። ያልቀመሰ አይልም፣ የቀመሰም አይረሳም። ሕፃን እንኳ እናቱ ጆሮውን እየጎተተች ታስለምደዋለች። አርጀንቲና ውስጥ ምንድን ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ሲግነ ኮቷን አነሣች።

«አሁን ሂጂ አላልኩሽም! ስልክ ደውዪላት!» አለ ቦዬ ከኋላዋ።

ማድቤት ስትደርስ ጉድሩን ዝይ እየነጨች ነበር።

«ትናንት አብሮኝ የመጣውን ሽማግሌ ከየት ነው የምታውቂው?»

«የቱን? ባለ ባርኔጣውን? አላውቀውም።»

«ያለፈውን እግዜር ይስጥልኝ ሲልሽ አብሮ ይስጠን ብለሽዋል።»

«ታዲያ ሰው ሲያመሰግነኝ ልስደበው?» የጉድሩን እጅ ከመንጨት ቆመ። «ቆይ። ከፋሲካ በፊት ያበሰልኩት ዩላንድ ነው። እዚህ ደግሞ ከቤቱ ሰው በቀር እጄን የቀመሰ... ቅዳሜ! ቅዳሜ ለሰባ ሰው ሾርባ ቀድቻለሁ። ሁሉም የዝናብ ኮቱን ቆብ እስከ አፍንጫው ደፍቷል፤ የማየው ሳህን እንጂ ፊት አይደለም። አንዱ ብቻ ደገመና፣ ‹ጦስኝ አለበት አይደል?› አለኝ። ድምፁ ለስላሳ፣ እንደ ቄስ።»

«አውሬ የሚያስነሡትን ሰዎች ስም የሚይዝ አለ?»

«ዱላ ይዞ የመጣ ሁሉ ይገባል። የማን ስም ይያዛል?»

መምህር ኤቤ የሙዚየማቸውን በር ራሳቸው ከፈቱላት። ከወለሉ አሁንም የድሮ ወተት ይሸታል።

«መምህር» አለች ሲግነ ከደጃፉ፣ «የቅዳሜው ሾርባ ጦስኙ በዝቶበት ነበር?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ጨው ነው ትንሽ ያነሰው» አሉ።

«ማብሰያዋን ባያመሰግኗት ኖሮ አላገኝዎትም ነበር።»

«አመሰገንኳት እንዴ?» ግንባራቸውን ያዙ። «አይ እናቴ! ሌባ ሆኜ እንኳ ባለጌ መሆን አቃተኝ።»

«ሊሰርቁ ገብተው ሾርባ ምን አስጠጣዎት?»

«ዝናብ ነበር። ደግሞ ይሸት ነበር፣ ልጄ፣ ጠረኑ ከጎተራው እስከ ድልድዩ ድረስ ይሸት ነበር።»

ዋንጫው ጠረጴዛው ላይ በንጹሕ ፎጣ ተሸፍኖ ቆሟል። አጠገቡ በውብ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ካርድ አለ፤ የአሥራ ሰባት ሰዎች ስም።

«በ1768 ነው» አሉ መምህሩ። «የዚያን ጊዜው ባሮን የብር ዋንጫ አማረው። ገባሮቹ ለሠርጋቸው ከሚለብሱት ኮት ላይ የብር አዝራራቸውን እየቆረጡ አስረከቡ። ስማቸውን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ አገኘሁት። አንደኛው የእኔ ዘር ነው። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ዋንጫው ለአንድ ሳምንት እዚህ ይቀመጥ፣ ስማቸውም አብሮት ይነበብ ብዬ። ባሮን ሄኒንግ መለሱልኝ፤ ‹ለአዝራር?› ብለው። አንዲት ቃል። ቁልፉን ደግሞ ብሩን ስመዘግብ ከሰዓቱ ሆድ ሲወጣ በየቀኑ አይ ነበር። በዚህ እሑድ በሬን ከፍቼ ለመጣው ሁሉ ላሳየው፣ ከዚያም ራሴ ልመልሰው ነበር።»

«ቶርኪል መጠርጠራቸውን ሰምተዋል?»

«ሰኞ ሰማሁ። ማክሰኞ የመጣሁት ልነግርሽ ነበር። ስለ አየሩ አወራሁ።» ካርዱን ወደ እሷ ገፉት። «ሰባተኛውን አንብቢው።»

ራስሙስ ቶርኪልሰን፣ አሥራ ሁለት አዝራር።

«የቶርኪል የሩቅ አያት ናቸው» አሉ መምህሩ። «ለሱም ጭምር የሠራሁት መስሎኝ ነበር። በሱ ላይ ሠራሁት።»

ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሲግነ ወደ ግንቡ ከመዝለቋ በፊት የበሩ ቤት ገባች። ዝናቡ ቆሞ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ቶርኪል አንዲት ሻንጣ አልጋቸው ላይ አስረዋል። ሲግነ ዋንጫውን ከከረጢቱ አውጥታ በዝምታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ያስደንቃቸዋል ብላ ነው። ብሩ ፀሐይዋን ተቀብሎ ክፍሉን አበራው።

«ልትወስጂኝ ነው?» አሉ ቶርኪል። «ሸክፌያለሁ። ዋንጫው እንደሁ አይገኝም። ለእመቤቴ ንገሪልኝ፤ የሰዓቱን ገመድ በየሰኞው መሙላት እንዳይረሱ።»

ከእጃቸው እስከ ዋንጫው አንድ ስንዝር አይሞላም። ሲግነ የሽማግሌውን ፊት አየች፤ ወደ እሷ ዞሯል፣ ግን ከእሷ ትንሽ ወደ ግራ። በጽሑፏ ላይ የተጋደመው ፊርማ ትዝ አላት። የዚያን ቀን በመቆጣቷ አፈረች።

«ከፊትዎ ነው፣ አባባ» አለች።

ቶርኪል ወደ ድምጿ ቀና አሉ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ሄዶ ብሩን አገኘ፣ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከሥሩ አንዲት ሳትቀልጥ የቀረች ጉብታ ላይ አረፈ። «እሱው ነው» አሉ። «ይቺ ነገር ስወለውለው ሁልጊዜ ጣቴን ትይዘኛለች።»

«አዝራር ናት» አለች ሲግነ፤ የማን አዝራር ልትሆን እንደምትችልም ነገረቻቸው።

ቶርኪል ጣታቸውን ሳያነሡ አዳመጡ። ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ። «ቅዳሜ ጫካው ውስጥ ጠፋሁ። አርባ ሰባት ዓመት የተመላለስኩበት ጫካ! ዛፉ ሁሉ ጭስ ሆነብኝ። ጉቶ አግኝቼ ተቀመጥኩና የአዳኞቹ ጥሩምባ እስኪነፋ ጠበቅሁ። ድምፁን ተከትዬ መጣሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም? ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት ነፃ ይወጡ ነበር።»

«ሌባ ቢሉኝ፣ ሌባ አይደለሁም። ዕውር ቢሉኝ ግን ነኝ። ዕውር በር ጠባቂ ማን ያኖራል?» ፊታቸውን ወደ ደጅ አዞሩ። «ሰው መጣ። እመቤቴ ናቸው፤ ከዘራቸው ነው።»

ባሮነሷ ድልድዩን ቀድመው ተሻግረው፣ ሄኒንግ ከኋላ ኋላቸው እየሮጠ፣ ደጃፉ ላይ ደረሱ። ሲግነ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ጉቶው ብቻ አልተናገረችም። ካርዱንም ሰጠቻቸው። ባሮነሷ አሥራ ሰባቱንም ስም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ።

«ሄኒንግ፣ ‹ለአዝራር?› ብለህ ነው የጻፍክለት?»

«አክስቴ፣ እኔ...»

«ዛሬ መምህሩ መጥተው ዝይ ከእኛ ጋር ይበሉ። ካርዳቸውን ራሳቸው ያነቡታል፤ እኛም ቆመን እንሰማለን።»

«ሌባ ልንጋብዝ ነው?»

«ሾርባችንን ጠጥቶ ያመሰገነ ሌባ ነው። አንተ ማብሰያዋን አመስግነሃት ታውቃለህ?»

«ሪፖርቱን ግን እጽፋለሁ፣ እመቤቴ» አለች ሲግነ።

«ጻፊ፣ ልጄ። ሥራሽ ነው። እኔም የምለውን ለዳኛው እላለሁ።»

ሄኒንግ ከረባቱን ነካካ። አንድ እርምጃ ወደ ቶርኪል ቀርቦ፣ «በድዬዎታለሁ» አለ። ቃሉ ከብዶት ነበር፤ ቢሆንም አወጣው። «ዋንጫውን እንደ ደንቡ እርስዎ ይዘውልን ይግቡ።»

ቶርኪል ዋንጫውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ድልድዩ እርጥብ ቅጠል ለብሷል። አናጺዎቹ የግራውን አጥር ሊጠግኑት ማክሰኞ ነቅለውት፣ ከድንጋዩ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን አነሡ፤ መልሰው አኖሩት። ሄኒንግ ያያቸዋል። ሲግነ ልትናገር አሰበች፤ ብትናገር ደግሞ ሁሉ ነገር ያልቃል።

«ቶርኪል!» አሉ ባሮነሷ። «ምን ትጠብቃለህ? ክንድህን ስጠኝ እንጂ! ይህ ድልድይ ለኔ ዕድሜ አይሆንም። ብቻዬን አልደፍረውም።»

ያንኑ ድልድይ አሁን ብቻቸውን ተሻግረው ነው የመጡት። ሽማግሌው ክንዳቸውን ሰጡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ጀመሩ፤ ባሮነሷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያማርራሉ። «ቀስ በል፣ እዚህ አንድ ድንጋይ ወጣ ብሏል... አሁን ወደ ቀኝ ሳበኝ፣ አጥሩን ነቅለውብኛል... ሁለት ደረጃ አለ፣ ጉልበቴን ገደለኝ፣ አንድ፣ ሁለት...»

«ያዝኩዎት፣ እመቤቴ» ይላሉ ቶርኪል። «አይዞዎት።»

ሄኒንግ ከሲግነ አጠገብ ቆሞ በዓይኑ ሸኛቸው። ፊቱ ላይ ከዚህ በፊት ያላየችው ሐሳብ አጥልቷል።

«አክስቴ እንዲህ መድከማቸውን አላስተዋልኩም ነበር» አለ። «ቶርኪልን ከዚህ ቤት ላስወጣ ነበር እኮ። ያለ እሳቸው በሩን እንኳ አይሻገሩም።»

«አይሻገሩም» አለች ሲግነ።